የዲዛይን ቤቴን ከልጆቹ ጋር እንዴት ተካፈልኩት

ለዓመታት የዲዛይን ቤታችን ንግድ ፈቃድ በእኔ ስም ብቻ ነበር። አምስት ልጆች ይሠራሉ፣ እኔ ደመወዝ እከፍላለሁ። ለአንድ ሎጎ ይህን ያህል፣ ለአንድ ፖስተር ያን ያህል ብር እናስከፍላለን።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ሚድጆርኒ፣ በቃል ሲነግሩት ሥዕል የሚሠራው ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት)፣ ለሁሉም ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ደንበኛ የቡና ማሸጊያ ሥዕል በስልኩ ይዞ መጣ። «ይቺን ብቻ አስተካክሉልኝ» አለ። ጀበናዋ ሁለት እጀታ አላት። ጽሑፉ ከሩቅ አማርኛ ይመስላል፤ ሲጠጉት አንድም የሚነበብ ፊደል የለውም። ፊደል ላይ የምትራቀቀው ልጃችን ሦስት ቀን ተቀምጣ በእጇ ሣለችው። የ«ቡ»ን ቅጥል ብቻ ስንቴ አጥፍታ ጻፈችው! የተከፈለን ግን የማስተካከያ ዋጋ ነው።

በዚያው ወር «ልለቅ ነው» አለችኝ። ደመወዝ ልጨምርልሽ አልኳት።

«የደመወዝ ነገር አይደለም ጋሼ። ነገ ማሽኑ ሲበረታ፣ እዚህ የእኔ የምለው ምን አለኝ?»

መልስ አልነበረኝም።

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለመሆን የወሰንነው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013፣ ብቻዬንም እንዳቋቁም ይፈቅድልኝ ነበር። እኔ የፈለግኩት ግን ሌላ ነው። እሷን ጨምሮ ሦስቱ አባል ሆኑ። ትንሽ ድርሻ ከኪሳቸው ገዙ፤ የቀረውን በየዓመቱ ከሚደርሳቸው ትርፍ ላይ ከእኔ ይገዛሉ።

መመሥረቻ ጽሑፉን ስንፈርም ሁሉ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዋጋ የምቆርጠው ግን እኔ፣ የባንክ ሒሳቡን የማየው እኔ። ስምንት ወር ሙሉ በወረቀት ባለቤት፣ በሥራ ላይ ተቀጣሪ አድርጌ አቆየኋቸው። ዛሬ ብጀምር መጀመሪያ የሒሳብ መዝገቡን እከፍትላቸዋለሁ፣ ድርሻው ከዚያ ይመጣል። የሚለቅ አባል ድርሻው በምን ዋጋ እንደሚገዛም ገና በፍቅር ሳለን እንጽፍ ነበር። እኛ የጻፍነው አንዱ ካናዳ ሊሄድ ሲነሳ ነው። ሁለት ሳምንት ተኮራረፍን።

መዝገቡ ሲከፈት ኪሳራው የት እንደሆነ ያዩት እነሱ ናቸው። በፖስተር ቁጥር መሸጥ አቆምን። አሁን የአንድን ምርት ስም፣ ማሸጊያና ማስታወቂያ በዓመት ውል እንይዛለን። ኤአይ የመጀመሪያ ሐሳብ ለማሳየት እንጠቀማለን፤ ስንጠቀም ለደንበኛው እንነግረዋለን። ፊደል ግን አናስነካውም።

ልጅቷ አልለቀቀችም። የሣለቻቸውን ፊደላት ፎንት እያደረገቻቸው ነው። 33ቱን ከነሰባት ቤታቸው ጨርሳ ዲቃሎቹ ላይ ደርሳለች። ፎንቱ የእሷ ይሁን የማኅበሩ፣ ሰኞ ተሰብስበን እንነጋገራለን።