ያሳደሩን ሰዎች

ለአጭር ጊዜ ተልዕኮ፣ ማለትም ወንጌል ለማገልገል ወደ ሌላ አገር ለሚደረግ አጭር ጉዞ፣ ስንዘጋጅ የማይነገረን ነገር የለም። ፓስፖርት፣ ክትባት፣ አለባበስ፣ ምስክርነትን አሳጥሮ መናገር፣ ድራማው ላይ ማን የት እንደሚቆም። ስለሚያሳድሩን ሰዎች ግን የሚነገረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ጨዋ እንግዳ ሁኑ።" አለቀ። እኔ ደግሞ ከተመለስኩ ወዲህ ድራማው ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ስብከቱም እንደዚያው፣ ሰባኪያችን ይቅር ይበለኝና። ትዝ የሚለኝ ያ ቤት ነው።

ለእኔና ለጓደኛዬ የሰጡን መኝታ ክፍል የባልና የሚስቱ ነበር። ማንም አልነገረንም። ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ ነው ያየሁት። ሳሎኑ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተው ከነልጆቻቸው ተደርድረው ተኝተዋል። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ቦርሳ ላዩ ላይ ተቆልሏል። በጫፍ በጫፍ ተራምጄ ተመለስኩ። ጠዋት ስንነሳ ፍራሹ የለም፣ ሶፋው ቦታው ገብቷል፣ እሷም ፈገግ ብላ "እንቅልፍ እንዴት ነበር?" ትለናለች። ባልየው ደግሞ እኛን በመኪና የሚያመላልሰው ከሥራ ፈቃድ እየለመነ መሆኑን የሰማነው ቆይተን ነው፣ ያውም ከሌላ ሰው።

ይሄ ሁሉ ሪፖርታችን ውስጥ የለም። ሪፖርቱ ላይ ያለው እኛ ያገለገልነው ነው።

ሉቃስ 10ን ስንት ጊዜ ለተልዕኮ ስብከት ስንጠቀምበት ኖረናል! ጌታ ሰባውን ሲልክ ኮረጆም ከረጢትም ጫማም አትያዙ አላቸው። ከዚያ ደግሞ በገባችሁበት ቤት ተቀመጡ፣ ያቀረቡላችሁን ብሉ፣ ከቤት ወደ ቤት አትተላለፉ። ያን ጊዜ ሳነበው የድፍረት ጥሪ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳየው የሚያወራው ስለ ጥገኝነት ነው። የላካቸው እጃቸውን ባዶ አድርጎ፣ ሰው ካላስገባቸው ደጅ እንዲያድሩ አድርጎ ነው። እኛ ግን ሻንጣችን ክብደት አልፎ ኤርፖርት ላይ ስንከራከር ነበር የተነሳነው። ምንም የማያስፈልገው እንግዳ ቤተኛ ለመሆን ይቸገራል።

መጀመሪያ ላይ ሴትዮዋ ምንም አታስነካንም ነበር። ሳህን ላነሳ ስል እጄን ይዛ ታስቀምጠኛለች። ነገሩ የተለወጠው ዝናብ የማታ ፕሮግራማችንን ያስቀረ ዕለት ነው። ገመድ ላይ የነበረውን ልብስ ልታስገባ ሮጠች፣ እኔም ተከትያት ሮጥኩ። በሁለት እጄ ታቅፌ ስገባ ግማሹን ከፊቴ ቆልላ "እጠፊ" በሚል ምልክት አሳየችኝ። ጭኔ ላይ አድርጌ ማጠፍ ጀመርኩ። አያትየው ጥግ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና ያጠፍኩትን ሸሚዝ አንስተው ዘረጉት። እጅጌውን ወደ ኋላ፣ አንገቱን ወደ ላይ፣ በመዳፋቸው ጫን ጫን እያደረጉ እንደገና አጠፉት። ከዚያ ቀጣዩን ሰጡኝ። ያንንም አበላሸሁት። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አስተርጓሚ አልነበረም፣ አላስፈለገምም። ከዚያ ምሽት በኋላ ሳህን ሳነሳ ዝም አለችኝ።

ጳውሎስም ቆሮንቶስ ላይ አቂላና ጵርስቅላ ቤት ሲያርፍ አብሯቸው ድንኳን ይሰፋ ነበር፣ ሙያቸው አንድ ስለነበረ። ኋላ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ለእሱ ሲሉ ነፍሳቸውን ለሞት እንዳቀረቡ ያነሳል። አብሮ መስፋቱ ለዚያ ዓይነት ፍቅር መንገድ ሳይጠርግ አልቀረም እላለሁ። የራሴ ግምት ነው።

የዛሬው የአጭር ጊዜ ተልዕኮ ገና ልጅ ነው። ኦፕሬሽን ሞቢላይዜሽን የተባለው የተልዕኮ ድርጅት የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1957 ጥቂት ተማሪዎች ወደ ሜክሲኮ ካደረጉት ጉዞ ነው፤ ሌላው የተልዕኮ ድርጅት ዩዝ ዊዝ ኤ ሚሽን የተመሠረተው በ1960 ነው። እንግድነቱ ግን የጥንት ነው፣ ጣጣውም እንደዚያው። ዲዳኬ የሚባለው የጥንት ክርስቲያኖች መመሪያ ተጓዥ ሐዋርያ አንድ ቀን፣ ካስፈለገም ሁለት ቀን ይቆይ ይላል። ሦስት ቀን ከሰነበተ ሐሰተኛ ነቢይ ነው፤ ሲሄድ ገንዘብ ከጠየቀም እንደዚያው። "እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ሲሰነብት ብረት" የሚለው የእኛው ተረት እዚያም ሳይሰማ አልቀረም። በዚህ ሚዛን እኛ ብረት ከሆንን ቆይተናል። ያም ሆኖ የመሰናበቻው ዕለት አያትየው እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩልኝ። ልንጸልይላቸው የሄድነው እኛ ነበርን።

ሁለት ነገር ግን ከንክኖኛል። አንደኛው "እንመለሳለን" የሚለው ቃል ነው። ከቡድናችን ያላለው ሰው ያለ አይመስለኝም። አዋቂው ወግ መሆኑን ያውቃል፣ ልጆቹ ግን መቼ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሌላው ስጦታ ነው። በድብቅ ብር ማስጨበጥ ደግነት ይመስላል፤ እኛ ከሄድን በኋላ ግን እንግዳ ባሳደሩት ቤቶች መካከል ማን ስንት አገኘ የሚል ወሬ ይነሳል። እንግዳ ያልደረሰው ቤትማ አይነሳ። መስጠት የፈለገ ለዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ በግልጽ፣ በደረሰኝ ይስጥ። ለባለቤቶቹ ጥሩው ስጦታ ስልክ መደወል ነው፣ የሚያሳዝነው ግን እሱ ነው ቶሎ የሚረሳው።

እኔ ከቤቱ ሴት ልጅ ጋር በድምፅ መልእክት እንገናኛለን። ባለፈው አያትየው ጎን ሆነው አንድ ነገር ጮክ ብለው አሉ። ልጅቷ እየሳቀች ስታስረዳኝ፣ ልብስ ማጠፍ ተማርሽ ወይ ማለታቸው ነው።

ለሚቀጥለው ቡድን አስተባባሪያችንን አንድ ነገር ለምኜዋለሁ፦ ቢያንስ ሁለት ምሽት ምንም ፕሮግራም አይያዝ፣ ሰው ባደረበት ቤት ይዋል። እሱ ደግሞ "ላኪዎቹ ምን ሠራችሁ ብለው ይጠይቁናል" ይላል። ልብስ አጠፍን በላቸው አልኩት። እስካሁን አልተስማማንም።