ሳልልከው የቀረ መልእክት

ዛሬ ጠዋት በእምነት የምወዳት እህቴ የአንድ ሰባኪ ቪዲዮ ላከችልኝ። ሰውየው ኢየሱስ በእውነት ሥጋ አልለበሰም፣ እንዲያው መስሎ ነው የታየው ይላል። ደሜ ፈላ። ረጅም መልስ ጽፌ ልልከው አውራ ጣቴ ስልኩ ላይ ነበር።

ከዚያ በመጽሐፍ ቅዱስ ያለችውን ደብዳቤ፣ 2ኛ ዮሐንስን፣ ከፈትኩ። 13 ቁጥር ብቻ ናት። ራሱን «ሽማግሌው» ብሎ የሚጠራው ጸሐፊ እንዲህ የሚያስተምረውን አሳች ይለዋል፤ በቤታችሁ አትቀበሉት ይላል (ያኔ ተዘዋዋሪ አስተማሪዎች የሚያድሩት ምእመናን ቤት ነበር፤ ማሳደር ትምህርቱን ማገዝ ነው)። ግን አስቀድሞ እርስ በርሳችን እንዋደድ ብሎ ይለምናል። እኔ የጻፍኩት ውስጥ እውነቱ ነበረ፣ ፍቅሩ አልነበረም። እሷ እኮ አሳች አይደለችም፤ የሰማችውን ነው የላከችልኝ።

ሽማግሌውም በወረቀትና በቀለም ከመጻፍ ፊት ለፊት መነጋገርን መርጧል። መልእክቱን አጥፍቼ ደወልኩላት። ነገ ማታ መጽሐፍ ቅዱሳችንን ይዘን አብረን እንቀመጣለን። ጸልዩልን።