ለቁልቢው ገብርኤል የተሳልኩት

ስለቴ ሁለት ነበር፤ ጥላ ማስገባትና መመስከር። ጥላውን ታኅሣሥ 19 ቀን 2012 አስገብቻለሁ። ምስክርነቱን ያዘገየሁት ልጄ "አሁን ንገሪ" እስክትለኝ ነው። ዘንድሮ 18 ዓመቷ ነው፤ አለችኝ።

የምንኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። እህቴ በ2003 ስታርፍ የ3 ዓመት ልጇን ለእኔ ትታ ሄደች። ኤች አይ ቪ ቫይረስ ከእናቷ ተላልፎባታል። እህቴ መድኃኒት ጀምራ ነበር። "ጸበል ገብተሽ ኪኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው" ያላት ሰው አለ። ሰምታ አቋረጠች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የንስሐ አባቴ "ጸበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒቱንም ዋጡ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው" ያሉኝ ከቀብሯ በኋላ ነው።

ልጅቷን "የብርድ መድኃኒት ነው" እያልኩ አሳደግኳት። ነርሷ "ለትምህርት ስትደርስ በልኳ ንገሪያት" ብላኝ ነበር። ፈራሁ። ለጓደኞቿ ብትናገርስ? ጎረቤት ቢሰማስ?

11 ዓመት ሲሞላት በደሟ ያለው የቫይረስ መጠን ከ1,000 በታች መሆን ሲገባው 40 ሺህ አለፈ። "በትክክል ትወስዳለች?" አሉኝ። "በዓይኔ እያየሁ" ብዬ ማልኩ።

ለትንሣኤ ቤት ሳጸዳ የፍራሿ ጥግ ተተርትሮ አየሁ። እጄን ከተትኩ። ከጥጡ መሀል ኪኒን ወጣ። ቆጠርኩት፤ 37 ፍሬ። አንዳንዱ ምራቅ ነክቶት ከጥጡ ጋር ተጣብቋል። አፏ ውስጥ ይዛ፣ ፊቴን ሳዞር ነው የምትተፋው።

ጠራኋት። አላለቀሰችም።

"እቴቴ፣ ድሬዳዋ ምን ብርድ አለ?"

መልስ አጣሁ። ያን ሌሊት ሥዕሉ ፊት ወድቄ አደርኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ "ከደሟ አጥፋልኝ" ነበር ልመናዬ። ያን ሌሊት የወጣኝ ግን ሌላ ነው። "ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ፣ እውነቱን የምናገርበት አፍ ስጠኝ።"

ሰጠኝ። በሦስተኛው ቀን አማካሪዋ ፊት ተቀመጥን። አማካሪዋ ቫይረሱን በስሙ ጠርታ፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚያስተኛው አስረዳቻት። ልጄ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"እማዬን የገደላት ይሄ ነው?"

"አዎ የኔ ልጅ። መድኃኒቱን አቋርጣ ነው።" ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ነጠላዬ ውስጥ ገብታ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ በየወሩ ለምክር ተመላለስን። ስልኬ ላይ ሰዓቱን የምትሞላው ራሷ ሆነች። ከሦስት ወር በኋላ ደሟ ድጋሚ ተመረመረ። ውጤቱ ሲመጣ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ወርዷል። ከደሟ ጠፋ ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ ከቆመ ይነሳል። አውቃለሁ። ግን ኮሪደሩ ላይ እልል አልኩ። ወረፋ የያዙት እናቶች ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁኝ እልልታዬን ተቀበሉ።

ለንግሡ ዋዜማ ቁልቢ የወጣነው አብረን ነው። ጥላውን የያዘችው እሷ ነበረች። ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ሕዝቡ መሀል፣ ስልኬ ጮኸ። ጥላውን አስያዘችኝ። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታች፣ በሃይላንድ ውሃ ዋጠች፣ አፏን ከፍታ አሳየችኝ።


"እይ እቴቴ" አለችኝ።