ለግቢያችሁ ዛፍ ስትመርጡ

ክረምት ሲቃረብ «ግቢዬ ውስጥ ምን ዛፍ ብተክል ያምራል?» የሚለኝ ሰው ይበዛል። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ ግቢው ስንት ካሬ ነው? ሴፕቲክ ታንኩ የት ጋ ነው? የመብራት ገመድስ በየት በኩል ያልፋል? አበባው ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

ችግኝ በጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ እያለ ሁሉም ያው ነው። ፊከስን እዩት። ሳሎን ውስጥ በማሰሮ ሲቀመጥ ደስ ይላል፤ መሬት ከነካ ግን ሥሩ ውሃ ፍለጋ ይሄዳል፣ ንጣፉን ያነሳል፣ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥም ይገባል። ግራቪሊያን ሰው የሚወደው ቶሎ ስለሚያድግ ነው። ግን ቅርንጫፉ በንፋስ ይሰበራል፣ ቅጠሉም የጣሪያውን አሸንዳ ይደፍናል። ቤት ጥግ አትትከሉት።

ጃካራንዳ ያምራል፣ ማን ይክዳል! ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ አዲስ አበባን በበልግ ወራት ሐምራዊ የሚያለብስ ዛፍ ነው። ነገር ግን በደንብ ይሰፋል፣ ከአሥር ሜትር በላይም ይወጣል። ለመንገድ ዳርና ለሰፊ ግቢ እንተወው። ቀዩ የድሬዳዋ ዛፍ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል፤ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላሉ እሺ፣ አዲስ አበባ ብርዱ አይስማማውም።

ለጠባብ ግቢ ቦትል ብራሽን እመክራለሁ። ብዙ አይረዝምም፣ ቢቆርጡትም ይችላል። አበባውን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ቀጫጭን ቀይ ክሮች ጫፋቸው ላይ ቢጫ ዱቄት ይዘው ዙሪያውን ቆመዋል። ጠዋት ጠዋት አበባ የምትመጥ ትንሽ ወፍ ትመጣበታለች፣ እሷን እያዩ ቡና መጠጣት ነው።

ቦታ ካላችሁ ግን እባካችሁ የራሳችንን ትከሉ! ኮርች እና ብርብራ የሚበቅሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ችግኝ ሻጮች ጋ ግን ከውጭ የመጣው ነው የሚበዛው፣ ይሄ ያንገበግበኛል። ኮርች በበጋ ቅጠሉን አራግፎ እሳት የመሰለ አበባ ያወጣል። ገጠር ውስጥ ቅርንጫፉን ቆርጠው ለአጥር ሲተክሉት ይጸድቃል፣ ስለዚህ ችግኝ ባታገኙም መላ አለው። እሾህ ስላለው ልጆች ከሚሮጡበት ራቅ አድርጉት። ብርብራ ሐምራዊ ያብባል፣ ጥላውም ጥሩ ነው። ዋንዛም አለ፤ ክረምቱ ሲወጣ ነጭ አበባው ላይ ንብ ይሰፍርበታል።

ስትገዙ ረጅሙን ችግኝ አትምረጡ። የፕላስቲኩን ታች ገልብጣችሁ እዩ፤ ሥሩ ተጠምዝዞ ከወጣ ብዙ ጊዜ እዚያው ቆይቷል ማለት ነው፣ ሌላ ጠይቁ። ሐምሌ ላይ ስትተክሉ ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ቀዳችሁ አውጡት፣ አንዳንድ ሠራተኛ ከነፕላስቲኩ ይቀብረዋልና አጠገቡ ቁሙ። መጀመሪያው በጋ ላይ ውሃ አትርሱት።