«ካ1» እና «ካ2»

ኅዳር 19፣ ደብረ ብርሃን

የሸክላ ማቃጠያ ምድጃችን የተከፈተው ሐሙስ ጠዋት ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ስለ እርሱ ለመጻፍ ያልተነሣሁት መጀመሪያ ቁጣዬ ስላልበረደልኝ፣ ከበረደ በኋላ ደግሞ ስላፈርኩ ነው። ዐሥራ ስምንት ስኒዎች ነበሩ። ደማቅ ሰማያዊ ሆነው እንደ መስታወት እያበሩ ይወጣሉ ብለን ስንጠብቅ፣ ውርጭ የመታው ጎመን የመሰለ ደብዛዛ ቀለም ይዘው ወጡ፤ ጣት ሲያርፍባቸውም ገና ያልተሟሸ ምጣድ ያህል ይሻክራሉ።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት መብራቱን ነበር። በዚያ ሌሊት ምድጃው 1100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መብራት ሄዶ ከ40 ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ስለ ነበር፣ ጥፋቱ ከቤት ውጭ ቢገኝ ለሁላችንም ይቀልልን ነበር። ነገር ግን ኮን የምንላቸው ትንንሽ የሙቀት መለኪያ ሾጣጣዎች ለ1280 ዲግሪ እንደሚገባቸው አንገታቸውን ደፍተው ተገኙ፤ በዚያው መደርደሪያ ላይ የነበሩት፣ ከሌላ የልባስ ባልዲ የተነከሩት ሁለት ሳህኖችም ጥርት ብለው ወጥተዋል። ሙቀቱ አልጎደለም ማለት ነው። የጎደለ ነገር ካለ ስኒዎቹ የተነከሩበት የልባስ ባልዲ ውስጥ ነው።

ባልዲውን የበጠበጠው ሥራ ቤቱን ከምንጋራው ስድስት ሰዎች በዕድሜ ትንሹ የሆነው ልጅ ነው። ሰው ፊት ጠርቼ «ሚዛኑን ዜሮ ሳታደርግ ነው የመዘንከው?» አልኩት። «አይ እትዬ፣ ወረቀቱ ላይ እንዳለው ነው የመዘንኩት» አለኝ፤ ከዚያ በላይ አልተከራከረም። በእርግጥም አሠራሩን ያየ ሰው የሚነቅፍበት ነገር አልነበረውም፤ የሲሊካ፣ ማለትም የኳርትዝ ዱቄት፣ ብናኝ በሳንባ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ስለሚያውቅ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ዱቄቱን ቀስ እያለ ውሃው ላይ ጨምሮ፣ አንድ ሌሊት አሳድሮ፣ በቀጭን ወንፊት ሁለት ጊዜ አጥልሎ፣ 100 ሚሊ ሊትሩ 145 ግራም እስኪመዝን ድረስ ውሃውን አስተካክሎ፣ በመጨረሻም ጠረጴዛውን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ አጽድቶ ነበር የሄደው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የተቆጣሁት።

ግሌዝ ማለት ሸክላው ላይ ቀልጦ የሚቀር የመስታወት ልባስ ነው። የእኛ ቀመር ለማስታወስ እጅግ ቀላል ነው፦ ከመቶ 40 ፌልድስፓር፣ 30 ኳርትዝ፣ 20 ካልሲየም ካርቦኔት፣ 10 ካኦሊን የሚባለው ነጭ የሸክላ አፈር። ለሰማያዊው በዚህ ላይ 1 በመቶ ኮባልት ካርቦኔት ይጨመራል። አራቱ ዋና ዱቄቶች ከፉርኖ ዱቄት ብዙም አይለዩም፤ ኮባልቱም ጥሬው ሐምራዊ ስለሆነ የተበጠበጠው ባልዲ ፈዛዛ ሐምራዊ እንጂ ሰማያዊ አይመስልም። በዚህ ሥራ ዓይን የሚነግረን ነገር በጣም ጥቂት ነው፤ ዕቃው ላይ የተጻፈው ቃል ካልተናገረ እሳቱ እስኪናገር መጠበቅ ነው።

ዓርብ ማታ ብቻዬን ቀርቼ የዱቄት ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ከመደርደሪያው አወረድኩ። ሁለቱ ጣሳዎች ክዳናቸው ላይ «ካ1» እና «ካ2» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ያን ጊዜ «ካ1» ስል 10 በመቶ የሚገባው ካኦሊን፣ «ካ2» ስል ደግሞ 20 በመቶ የሚገባው ካልሲየም ካርቦኔት ማለቴ ነበር፤ ማርከሩ እያለቀ ስለ ነበር እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ልጁ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቀመር ከላይ ወደ ታች ሲያነብ መጀመሪያ የሚያገኘው «ካ» ካልሲየም ነው፣ ሁለተኛው ካኦሊን ነው። ስለዚህ «ካ1»ን ካልሲየም፣ «ካ2»ን ካኦሊን ብሎ ወሰደ። እንግዳ ሰው ጠርቼ ሁለቱን አነባበብ ባቀርብለት የልጁን እንደሚመርጥ አልጠራጠርም።

ግምቴን ለማረጋገጥ ከሁለቱም ጣሳ አንድ አንድ ማንኪያ ዱቄት አውጥቼ ኮምጣጤ ጠብ አደረግሁባቸው። «ካ2» ወዲያው አረፋ ደፈቀ፤ «ካ1» ዝም አለ። አረፋ የሚደፍቀው ካርቦኔቱ ነው። በማግስቱ ጠዋት በአንኮበር መንገድ በኩል የሚኖሩትና ቅዳሜ ለገበያ ሲወጡ ጎራ የሚሉት እማማ ደግሞ በራሳቸው መንገድ ፈተኑት፤ በሁለቱም ዱቄት ላይ ውሃ ጠብ አድርገው በጣታቸው እያሹ «ይኼኛው ጭቃ ይወጣዋል፣ ያኛው ግን ኖራ ነው፣ አይያያዝም» አሉ። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀበናና ምጣድ የሠሩ ሲሆኑ ግሌዝ የሚባለውን ነገር አይወዱትም፤ ምጣድ በጎመን ዘር ይታሰሳል እንጂ መስታወት አይቀባም ባይ ናቸው። ፌልድስፓሩንና ኳርትዙን ሳቀርብላቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። እነዚያን ለመለየት እኔም የማውቀው ቀላል መንገድ አንድ ነው፤ ከሁለቱም ጥቂት በትንሽ የሸክላ ጽዋ አድርጎ ማቃጠል። በ1280 ዲግሪ ፌልድስፓሩ ወተት መሰል መስታወት ይሆናል፣ ኳርትዙ ግን ዱቄት እንደ ሆነ ይወጣል።

እግረ መንገዴን፣ እማማ «ኖራ» ስላሉ እኔም ጣሳው ላይ «ኖራ» ብዬ ለመጻፍ ዳድቶኝ ነበር፤ ቃሉ አጭር ነው፣ ማንም ያውቀዋል። ነገር ግን ልክ አይሆንም። በጀማ ሸለቆ ገደል ላይ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ድንጋዩ ተቃጥሎ የሚወጣው ኖራ ግን ውሃ ሲነካው የሚግል፣ እጅም የሚያቆስል ሌላ ነገር ነው። ከ«ካ2» ወጥቼ ወደ ሌላ ስሕተት መግባቴ ነበር።

ካልሲየሙ ሲሊካው እንዲቀልጥ ይረዳል፤ ካኦሊኑ ደግሞ የቀለጠው ፈስሶ መደርደሪያው ላይ እንዳይጣበቅ ያጠነክረዋል። እኛ የመጀመሪያውን በግማሽ ቀንሰን ሁለተኛውን እጥፍ አድርገናል፤ የስኒዎቹ ልባስ በደንብ ሳይቀልጥ መቅረቱ ሊገርመን አይገባም። ጥሩነቱ ስሕተቱ ምን እንደ ሆነ ከታወቀ ባልዲው መዳን ይችላል። የበጠበጥነው 5 ኪሎ ደረቅ ዱቄት ነበር፤ በውስጡ 1000 ግራም ካኦሊን ገብቷል። ይህ 1000 ግራም 10 በመቶ እንዲሆን ጠቅላላው 10 ኪሎ መሆን አለበት። ስለዚህ 2000 ግራም ፌልድስፓር፣ 1500 ኳርትዝ፣ 1500 ካልሲየም ካርቦኔትና 50 ግራም ኮባልት መጨመር ይበቃል፤ ካኦሊን ምንም። ባልዲው ጎን ላይ የደረቀውን መስመር ለክቼ አንድ ዐሥረኛው እንደ ወጣ ስላየሁ ሁሉንም በዐሥረኛ ቀንሼ 1800፣ 1350፣ 1350 እና 45 አደረግሁት። ኮባልቱ ውድ ነው፤ የእርሱን ዋጋ ከራሴ ድርሻ አስቆርጫለሁ።

ልጁን ይቅርታ የጠየቅሁት በተቆጣሁበት ቦታ፣ ያው ሰው ሁሉ ባለበት ነው። «እኔማ እትዬ፣ ስኒዎቹ እንደዚያም ያምራሉ ብዬ ነበር» አለኝና ሁሉም ሳቀ። በደንብ ያልቀለጠ ልባስ ባለው ስኒ ቡና እንዲጠጣ ለማንም ስለማልሰጥ፣ ሦስቱን የማርከር ማስቀመጫ አደረግናቸው። የቀሩትን አሙቀን፣ ደግመን ነክረን እናቃጥላቸዋለን።

ወረቀትና ፕላስተር ግን ከአሁን በኋላ አይበቃንም። ይህ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ባልዲዎቹ በሌሊት ላብ አውጥተው ጠዋት ፕላስተሩ መሬት ላይ ይገኛል፣ ከየትኛው ባልዲ እንደ ወደቀ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከራሱ ከሸክላው መዳፍ የሚያህሉ ጠፍጣፋ መለያዎችን ቆረጥን። ስሙ በሙሉ ይቀረጽበታል፤ የግሌዝ ባልዲ ከሆነ ቀመሩ፣ የሚቃጠልበት ሙቀት፣ ለምግብ ዕቃ መሆን አለመሆኑ ይጨመርበታል፣ ግማሹም እዚያው ግሌዝ ውስጥ ተነክሮ ይቃጠልና በሽቦ ይንጠለጠላል። «ካልሲየም ካርቦኔት» በመጀመሪያው መለያ ላይ አልበቃ ስላለ ሌላ ሰፋ ያለ ቆረጥን።

የተበጠበጠበትን ቀን የሚቀርጸው ልጁ ነበር። «19/3» ብሎ ከጀመረ በኋላ እጁን አቆመና፣ የኮባልቱ ማሸጊያ ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ሦስተኛውን ወር ማርች ብሎ የሚያነብ ሰው እንደማይጠፋ ነገረኝ። ቁጥሩን በእርጥብ ጣቱ አለስልሶ «ኅዳር» ብሎ በፊደል ጻፈው። መለያዎቹን ነፋሱ እንዳይሰነጥቃቸው በፕላስቲክ ሸፍነን ከመስኮቱ ራቅ አድርገን አስቀምጠናቸዋል፤ እስከ ረቡዕ አይደርቁም።