ገና በባሕር ዛፍ አገር

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ለእኔ ገና ማለት ብርድ ነበር፤ የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ሲነጋ፣ እናቴ ጋቢዋን ደርባ ከምድጃው አጠገብ የምትቀመጥበት፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጢስ ዓይናችንን እያስለቀሰ ቤቱን የሚያሞቅበት በዓል። ከ11 ዓመት በፊት አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ገብቼ የመጀመሪያውን ገና በ38 ዲግሪ ሙቀት ሳከብር፣ በዓሉ ወሩን ስቶ የመጣ መስሎኝ ነበር። በዚህ አገር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ዋናው በጋ ነው፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ዳርቻ ይወጣል።

የአገሬው ሰው የልደትን በዓል በዲሴምበር 25 ሲያከብር እኛ ገና በጾመ ነቢያት ውስጥ ነን። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አረጋዊት ባለፈው ዓመት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ለምሳ ጠሩን። ጓሯቸው ውስጥ ሥጋውና ሽሪምፑ ሲጠበስ፣ እሳቸው ግን ለእኛ አዲስ መጥበሻ ገዝተው፣ ድንችና ዱባ በዘይት ብቻ ለብቻው ጠብሰው አቆዩን። መጥበሻው ላይ የዋጋው ወረቀት እንኳ ገና አልተነሣም ነበር። እንዲህ ያለ አክብሮት ከወገን ቢመጣ ያስደስታል፤ ከባዕድ ሲመጣ ደግሞ እንባ ያመጣል።

የራሳችን ዝግጅት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሙቀቱ ሁሉንም ሥራ ለውጦብኛል። በብርዱ ወራት ሦስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ በጃንዋሪ በአንድ ቀን ኮምጥጦ ይገነፍላል፤ ስለዚህ እርሾውን ቀንሼ፣ ባልዲውን የቤቱ ቀዝቃዛ ቦታ በሆነው በመታጠቢያ ክፍሉ ወለል ላይ አኖረዋለሁ። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን በመሆኑ፣ በዋዜማው ባለቤቴና ልጆቼ በጓሮ ተቀምጠው በቀን ብርሃን ሽንኩርት ይልጣሉ። ዶሮውን 12 ብልት አድርጌ የማወጣው ግን እኔው ነኝ፤ ይህን ለሥጋ ሻጭ አልተውም። ቁሌቱን ካቁላላሁ በኋላ ነጠላችንን ለብሰን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ ቅዳሴው አልቆ ስንመለስም ጾሙን እንፈታለን። በማግስቱ ሥራ ስላለ፣ ባለቤቴ ከዓመት ፈቃዱ ለዚህ ቀን የሚሆን ሁልጊዜ ያስቀራል።

ባለፈው ገና ዕለት እንግዶች ሞልተው ሳለ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አለፈ፤ ነፋሱም በረታ። በመላው ግዛት የእሳት እገዳ ታውጆ ስለነበር በጓሮ ከሰል ማቀጣጠል ክልክል ነው። ይህን ክልከላ እዚህ ቀላል አድርጎ የሚያይ ሰው የለም፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 በዚሁ በቪክቶሪያ ግዛት በተነሣው የሰደድ እሳት 173 ሰዎች አልቀዋል። እኛ ከልጅነታችን የምናነድደው ባሕር ዛፍ የዚህ አገር ተወላጅ ነው፤ ስሙም እንደሚነግረን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛ የመጣው ከዚሁ ነበር። እኛን በደብረ ብርሃን ያሞቀን ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት፣ እዚህ ጫካውን በሙሉ የሚያቀጣጥል ነው። ከሰሉን ቤት አስገብቶ ማንደድ ደግሞ አይታሰብም፤ የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ከእንግዶቻችን መካከል እናታችን የምንላቸው አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ እንደሚቆላ ሲሰሙ ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያም ተነሥተው የዘጠኝ ዓመቷን ልጄን እጇን ይዘው ወጡ፤ ሲመለሱ በነጠላቸው ጫፍ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል አቅፈው ነበር። ቄጠማ ያጣንበትን ወለል በእሱ አለበሱት። በባዶ እግራችን ስንረግጠው ሽታው ተነሣ፤ ያለ እሳት፣ ያለ ጢስ፣ የእናቴ ቤት ሽታ። የተቆላውን ቡናም በመንቀሽቀሻው እያዞሩ ለእያንዳንዳችን አሸተቱን፤ እስከ በረካው ድረስ ማንም ከቦታው አልተነሣም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ለእናቴ ደወልሁ። እኛ በስምንት ሰዓት ስለምንቀድም እዚያ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ እሷ ከቅዳሴ መመለሷ ነበር። በስልኩ መስተዋት እኔ ላቤን በመሐረብ እየጠረግሁ፣ እሷ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ተያየን። ልጄ ከወለሉ አንድ ቅጠል አንሥታ አሳየቻት።

«ይህ የእኛው ባሕር ዛፍ አይደለም እንዴ?» አለች እናቴ።

«የእዚህ ነው፣ አያቴ፤ መንገዱ ዳር ነው ያለው» አለቻት ልጄ።

«እሰይ የእኔ ልጅ፣ እንግዲያማ ቤታችሁ ሞቋል» ብላ ዞር አለችና፣ አንድ እፍኝ ደረቅ ቅጠል ወደ ምድጃዋ ጨመረች።