«ዝቅተኛ» የሚለውን የፌኒቶይን ውጤት አልቡሚን ሳታዩ አትመኑ

እንደ ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታልና ቫልፕሮኤት ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በደም ውስጥ ምን ያህል እንዳለ በላቦራቶሪ ስንለካ ማሽኑ ብዙም አያስቸግርም። ካሊብሬት አደርጋለሁ፣ ኮንትሮሎቹን (መጠናቸው አስቀድሞ የታወቀ ናሙናዎችን) እሠራለሁ፣ ትክክል ከሆኑ ሴረሙን (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) እጭናለሁ። ጣጣው ያለው ከማሽኑ በፊትና በኋላ ነው።

ደም የሚቀዳው የሚቀጥለው ዶዝ ከመወሰዱ በፊት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጠዋት። ፌኖባርቢታል ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ሰዓቱ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ዶዙ ከተቀየረ ግን ከ2 እስከ 3 ሳምንት ሳይሞላ መለካት ትርጉም የለውም። ለቫልፕሮኤት ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ያም ሆኖ የምርመራ መጠየቂያው ቅጽ የመጨረሻው ዶዝ የተወሰደበት ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ሰዓቱን በእስክሪብቶ ኅዳጉ ላይ እጽፋለሁ፤ ሰዓት ሳይጻፍለት ከመጣ ደውዬ እጠይቃለሁ።

ደሙ የሚቀዳበት ቲዩብ ሴረሙን ከደም ሴሎች የሚለይ ጄል የሌለው ይሁን። ጄል ያለውም ይሠራል የሚል መመሪያ አለ፤ እኔ አልቀበለውም። ጄሉ ፌኒቶይንን ይመጥጣል፤ ቲዩቡ በትንሽ ደም ብቻ ተሞልቶ ለሰዓታት ከቆየ ደግሞ ይብሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፌኒቶይን። በውጤት ወረቀቱ ላይ የታተመው መደበኛ መጠን በሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ነው። 7 ከወጣ ኮምፒውተሩ «ዝቅተኛ» ብሎ ያትማል፤ ሐኪሙም ዶዙን ይጨምራል። ነገር ግን በደም ከሚዘዋወረው ፌኒቶይን 90 በመቶ ገደማው አልቡሚን ከሚባለው የደም ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚሄደው፤ አንጎል ላይ የሚሠራው ነጻው ብቻ ነው። በምግብ እጥረት ወይም በጉበት በሽታ አልቡሚኑ የወረደ ሰው ላይ ጠቅላላው ቁጥር ያንሳል፣ ነጻው ግን በቂ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከዚያው ናሙና አልቡሚን እለካለሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አልቡሚኑን በ0.2 አባዙ፣ 0.1 ደምሩ፣ የፌኒቶይኑን ውጤት ለዚህ አካፍሉ። አልቡሚኑ 2.0 ከሆነ 7 ለ0.5 ሲካፈል 14 ይመጣል፤ «ዝቅተኛ» የተባለው ሰው መድኃኒቱ በቂ ነው ማለት ነው። አልቡሚኑ በዴሲሊትር በግራም መሆን አለበት። ማሽናችሁ በሊትር የሚያወጣ ከሆነና 20ን እንዳለ ካስገባችሁ 1.7 ይወጣል፤ አደገኛ ስህተት ነው። ኩላሊቱ ሥራ ላቆመ ሰው በ0.2 ፈንታ 0.1 ይገባል። ቫልፕሮኤት አብሮ የሚወስድ ሰው ላይ ግን ስሌቱን ተዉት፤ ቫልፕሮኤት ፌኒቶይንን ከአልቡሚን ስለሚያላቅቀው ቁጥሩ ያታልላል። እዚያ ነጻውን በቀጥታ መለካት ነው፤ የሚፈለገው በሊትር ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ነው። ነጻውን ለመለየት ሴረሙ በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን) ሲጣራ የሴንትሪፉጁ ሙቀት ከናሙና ናሙና አይለያይ፤ ሙቀቱ ሲቀንስ ነጻው ያንሳል።

ይህን ያህል የምጨቀጭቀው ምክንያት አለኝ። ጉበት ፌኒቶይንን የሚያፈርሰው እስከ አቅሙ ድረስ ነው፤ አቅሙ ሲሞላ ትንሽ ጭማሪ እንኳ በደም ያለውን መጠን እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል። ዓይን ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ይንገዳገዳል፣ ንግግር ይጎተታል። መጨመር የግድ ከሆነም ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም ይበቃል።

ወረቀቱ ቦታ ስለማይሰጠኝ ከታተመው «ዝቅተኛ» ጎን በእጄ እንዲህ እጽፋለሁ፦ «አልቡሚን 2.0፤ የተስተካከለ ፌኒቶይን 14፤ ዶዝ ከመጨመርዎ በፊት ላቦራቶሪ ይደውሉ።»